ስለ ግል ጥቅምና ስለ ግብረ ገብ፤ የሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ አንድ ጉድለት

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከአንድ ክርክር ነው። ባለፈው ወሰነ ትምህርት፥ ከወሩ በ27ኛው ቀን ጧት፥ ወደ ኮሌጅ ስንሄድ በቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል በር በኩል አለፍን። ነዳያን እንደ ልማዳቸው በአጥሩ ሥር በረድፍ ተቀምጠዋል። ነጠላ ያጣፉ ምእመናን ከመኪና እየወረዱ፥ አስቀድመው የዘረዘሩትን ገንዘብ ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው እያደሉ ይገባሉ፤ ነዳያኑም ምርቃቱን ያወርዱታል። ከበሩ ፈንጠር ብሎ ዝርዝር የሚሸጥ ልጅ አለ፤ የብር ኖት ተቀብሎ፥ ለድካሙ ጥቂት ቀንሶ፥ ሳንቲም ይሰጣል። ከመካከላችን አንዱ ቆም ብሎ ይህን ሁሉ ተመለከተና፥ «ይህ ምጽዋት አይደለም፥ ግዢ ነው» አለ። «ሰጪው ምርቃት ይገዛል፤ ተቀባዩ ምርቃት ይሸጣል፤ ልጁም መንዛሪ ነው። ያልተጻፈው ዋጋው ብቻ ነው።» አንዲት ጓደኛችን በዚህ ንግግር እጅግ ተቆጣች። ክርክሩም የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አሳለፈን።

የመጀመሪያው ጓደኛችን ምስክር አድርጎ የጠራው ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብን ነበር። እንደ እርሱ አነጋገር፥ ሃይማኖትም ሆነ ግብረ ገብ የጥቅም ልብስ መሆኑን ይህ መጽሐፍ ከብዙ ዘመን በፊት ነግሮናል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው፥ መጽሐፉ በእርግጥ እንዲህ ይላልን? ካለስ ልክ ነውን? የሚለውን ነው። መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው ሙግት ያረጀና የታወቀ ስለ ሆነ ልናልፈው አስበን ነበር፤ ዳሩ ግን ከጉዳያችን ጋር የሚገናኝበት አንድ ቦታ ስላለ በኋላ እንደርስበታለን። እስከዚያው ድረስ «ዘርዐ ያዕቆብ» ስንል፥ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን በዚህ ስም የሚጠራውን ተናጋሪ ማለታችን ነው።

መጽሐፉን ላላነበቡ ጓደኞቻችን ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ተናጋሪው በአክሱም አጠገብ ከገበሬ ቤት እንደ ተወለደ፥ የተወለደበትም ቀን ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. እንደ ሆነ ይነግረናል። ዳዊት ደገመ፤ ለዜማ ድምፁ ስላልተመቸ ወደ ሰዋስውና ወደ ቅኔ፥ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ተሻገረ። አስተማሪ ሆኖ ሳለ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ አገሩም በሁለት ተከፈለ። ዘርዐ ያዕቆብ መጻሕፍትን ሲተረጉም ፈረንጆቹ ይህን ይላሉ፥ ግብጻውያኑ ደግሞ ይህን ይላሉ እያለ የሁለቱንም ቃል ያቀርብ ስለ ነበር ከሁለቱም ወገን ወዳጅ አላገኘም። ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ሰው ከንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። እርሱም ሦስት ወቄት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ከተከዜ ወንዝ አጠገብ በአንድ ዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ የተወለደው በዚያ ዋሻ ነው። ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ ወደ እንፍራዝ ወጥቶ፥ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ጸሐፊና የልጆች መምህር ሆነ፤ የቤቱን አገልጋይ ሒሩትንም አገባ። ሲያገባትም ከእንግዲህ አገልጋይ አይደለችም፥ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ማለቱ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው።

በዋሻው ውስጥ ያነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰዎች በትልቁ ነገር፥ ማለት በእግዚአብሔር ነገር፥ ለምን ይዋሻሉ? መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ስለ ሰሚው ነው። የሰው ባሕርይ ደካማና ሰነፍ ስለ ሆነ፥ እውነትን ቢወድም ለመመርመር አይደክምም፤ ከአባቱና ከመምህሩ የተቀበለውን ይዞ ያድራል፤ ስለዚህም ክርስቲያኑም እስላሙም አይሁዱም የእኔ ብቻ ልክ ነው ይላል። ሁለተኛው ስለ ተናጋሪው ነው። በሰው ላይ ለመሠልጠን ወይም ለመክበር የሚፈልግ ሰው የራሱን ቃል የእግዚአብሔር ቃል ነው ብሎ ያቀርባል። በዚህ ሚዛን ጾምን፥ ምንኵስናን፥ ብዙ ሚስት ማግባትን፥ ሰውን መሸጥና መለወጥን ይመዝናል፤ ከፈጣሪ ሥርዐት ጋር የማይስማማውን ሁሉ የሰው ፈጠራ ነው ብሎ ይጥላል። መለኪያው ልቡና ነው፤ የግብረ ገቡም መሠረት፥ በራስህ ላይ ሊደረግ የማትወደውን በሌላው ላይ አታድርግ የሚለው ሕግ ነው።

እንግዲህ ጓደኛችን በግማሽ ልክ ነው። መጽሐፉ የሃይማኖት ሰዎችን ጥቅም ያጋልጣል። ነገር ግን ግብረ ገብ ሁሉ ጥቅም ነው አይልም፤ ይልቁንም ተቃራኒውን ይላል። ጥቅም የሚገባው ልቡና ሲተኛ ነው፤ ልቡና ከነቃ ሰው እውነቱንና መልካሙን ያያል ብሎ ያምናል። እኛ የምንከራከረው በዚህ ላይ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የሌላውን ሁሉ ጥቅም በብርቱ ሲመረምር፥ የመርማሪውን ጥቅም ግን ሳይመረምር አልፎአል።

ይህን ለማሳየት ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን እናቁም። የመጀመሪያው ከሳሹ ወልደ ዮሐንስ ነው። በሱስንዮስ ዘመን ፈረንጅ ነበር፤ ፋሲለደስ ነግሠው የእስክንድርያ ሃይማኖት ሲመለስ እርሱም ተመለሰ። ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ሰው ላይ የሚሰጠው ፍርድ መራራ ነው፤ ዘመኑ ከሚያመጣለት ጥቅም በስተቀር ሃይማኖት አልነበረውም ይለናል። ሁለተኛው ራሱ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ከዋሻው ከወጣ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከክርስቲያኖች ጋር እንደ ክርስቲያን ኖረ፤ በልቡ ግን የሚያምነው ልቡናው ያሳየውን ብቻ ነበር። ይህን አይሰውርም። ሰዎችን በማታለሌ በደልሁን? ብሎ ራሱን ይጠይቅና፥ ሰዎቹ መታለልን ስለሚወዱ፥ እውነቱን ብገልጥላቸውም ከመስማት ይልቅ ስለሚያሳድዱኝ፥ በደል የለብኝም ብሎ ራሱን ነጻ ያወጣል።

ተጠራጣሪው ጓደኛችን ይህን ቢያነብ ይስቃል። ሁለቱም ውስጣቸው ሌላ፥ ውጫቸው ሌላ ነው፤ ሁለቱም ያተረፉት ነገር አለ፤ አንደኛው ሹመት፥ ሁለተኛው ነፍሱንና እንጀራውን። ታዲያ ፈላስፋው በምን አፉ ይፈርዳል? መጽሐፉ ለዚህ መልስ አላዘጋጀም። «ሰዎች መታለልን ይወዳሉ» የሚለው ማመካኛ ብቻውን ቢቀርብ ወልደ ዮሐንስም ሊጠቀምበት ይችላል፤ እንዲያውም አታላይ ሁሉ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ልዩነት እንዳለ አንባቢ ሁሉ ይሰማዋል። ልዩነቱ ከየት መጣ? እንደ እኛ አስተያየት ጥቅም በመኖሩና ባለመኖሩ አይደለም። ወልደ ዮሐንስ ለለበሰው ልብስ ዋጋ የከፈለው ሌላ ሰው ነው፤ ተከሳሹ ተሰደደ፥ አስተማሪነቱን አጣ፥ በዋሻ አደረ። የዘርዐ ያዕቆብን ዝምታ ዋጋ ግን በይበልጥ የከፈለው ራሱ ነው፤ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የልቡን ሳይናገር መኖር ቀላል ዋጋ አይደለም። እንግዲህ የሚጠየቀው «ጥቅም አለውን?» ተብሎ ሳይሆን «ዋጋውን ማን ከፈለ?» ተብሎ ነው። ይህም ከራሱ ከዘርዐ ያዕቆብ ሕግ የሚወጣ ነው፤ በራስህ ላይ የማትወደውን በሌላው ላይ አታድርግ ያለው እርሱ ነውና። መሣሪያውን በእጁ ይዞ ሳለ በራሱ ጉዳይ ላይ አልተጠቀመበትም። በምትኩ የሰሚዎቹን ስንፍና ከሰሰ። ስንፍናቸውን መክሰሱ ሐሰት ነው አንልም፤ ግን በዚህ ቦታ ምቹ ነበር።

አሁን ወደ መድኃኔዓለም በር እንመለስ። ሰጪው ምርቃት ይገዛል የሚለው ክስ በእኛ አገር ብቻ የተነገረ አይደለም። የዘርዐ ያዕቆብ የዘመን እኩያ የሆነው እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ (1588–1679 እ.ኤ.አ.) ሰው ሁሉ የራሱን ጥቅም ይከተላል በማለት የታወቀ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጆን ኦብሪ እንደሚተርከው፥ አንድ ቀን በለንደን መንገድ ላይ ለአንድ ደካማ ሽማግሌ ምጽዋት ሲሰጥ ያየው ቄስ፥ ክርስቶስ ባያዝ ኖሮ ትሰጥ ነበርን? ብሎ ጠየቀው። ሆብስም እሰጥ ነበር አለ፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ፥ የሽማግሌው ሥቃይ እኔንም ያሠቃየኛል፥ ምጽዋቴ እርሱን ሲያቀልለት እኔንም ያቀልለኛል አለ። ብዙዎች ይህን መልስ የራስ ወዳድነት ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። እኛ ግን ስናነበው በተቃራኒው የሚመሰክር ይመስለናል። በ1726 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ በትለር የተባለው የእንግሊዝ ቄስ፥ ኋላም ጳጳስ የሆነው፥ በታተሙት ስብከቶቹ ውስጥ ነገሩን አጥርቶ አስረድቶታል። ሐሳቡን በራሳችን አነጋገር ብናስቀምጠው እንዲህ ነው፤ የሰው ረኀብ ቢጠፋልኝ ደስ የሚለኝ፥ አስቀድሞ ያ ሰው እንዳይራብ የምፈልግ ከሆንሁ ብቻ ነው። ለሰውየው ግድ ባይኖረኝ፥ ደስታው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ደስታው የፍቅሩ ፍሬ ነው እንጂ ምክንያቱ አይደለም።

ይህን ስንል በመድኃኔዓለም በር የሚታየው ሁሉ ፍቅር ነው ማለታችን አይደለም። የነዳያኑን ፊት ሳያይ፥ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ ሳንቲም እየበተነ የሚያልፍ ሰው በዓይናችን አይተናል። በዚያው ጧት ግን አንዲት እናት ከረድፉ መካከል ባንዲት አሮጊት ፊት ቁጢጥ ብለው፥ ባለፈው ወር ስለ ነገሯቸው ስለ እግራቸው ሕመም ሲጠይቁ አይተናል። ሳንቲሙ አንድ ዓይነት ነው፤ የተገዛውም ከዚያው ልጅ ይሆናል። ጓደኛችን ሁለቱንም «ግዢ» ብሎ ሲጠራቸው ያወቀው ነገር አለ ብለን አናምንም፤ ልዩነቱን የሚያይበትን ቃል ነው የጣለው። ሁሉን የሚገልጽ ቃል ምንም አይገልጽም። ዝርዝር ሻጩን ልጅ ግን እንተወው፤ እርሱ ሥራውን የሚሠራ ነጋዴ ነው፥ ማንንም አላታለለም።

ከምጽዋት ይልቅ ለጥያቄያችን የበለጠ የሚጠቅመው ዕድር ነው። ምጽዋት ከባዕድ ለባዕድ ነው፤ ዕድር ግን ጥቅሙን በግልጽ ጽፎ የተነሣ ማኅበር ነው። ቅበረኝ፥ እቀብርሃለሁ ማለት ነው። ከከተማችን በምሥራቅ በኩል፥ በገርጂ፥ በሰሚት፥ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፥ ዕጣ ደርሶአቸው ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ ሰዎች አንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ይኖራሉ። አንዱ ኦርቶዶክስ፥ ሁለተኛው እስላም፥ ሦስተኛው ጴንጤ ነው። በሃይማኖት ነገር ቢቀመጡ እስከ ማታ አይስማሙም። ዳሩ ግን ገና ውሃውና መብራቱ ሳይደላደል ዕድር ያቋቁማሉ፤ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበር፥ ብረት ድስት ይገዛሉ፤ ዳኛና ጸሐፊ ይመርጣሉ። መቃብሩ ለየብቻ ነው፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው።

ሰው ሲሞት ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ይመጣና ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ለእንግዳ ሰው ይህ አስደንጋጭ ነው፤ ለቅሶ በስም ጥሪ! ተጠራጣሪውም፥ «እነሆ፥ እንባ እንኳ መቀጫ ካልተጣለበት አይፈስም» ሊል ይችላል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን በአንድ የገርጂ ዕድር ውስጥ ለብዙ ዓመት ዳኛ የሆኑትን አንድ አባት ስለ መቀጫው ብንጠይቃቸው፥ እንዲህ ሲሉ መለሱልን፤ «ልጆቼ፥ መቀጫው ለማያዝን ሰው አይደለም። ለሚያዝነውና ለሚረሳው ነው። የማያዝነውማ ከፍሎ ይቀራል።»

በእኛ አስተያየት ይህ አነጋገር ከብዙ የፍልስፍና መጽሐፍ ይበልጣል። መቀጫው አነስተኛ ነው፤ በቦሌ መንገድ ሱቅ ላለው ነጋዴ የአንድ ሰዓት ገቢ አይሆንም። ጥቅሙን ብቻ የሚያሰላ ቢሆን ኖሮ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ከመምጣት ይልቅ በየጊዜው መቀጫውን ይከፍል ነበር። ብዙዎቹ ግን ይመጣሉ። አንዳንዱ በእርግጥ ከፍሎ ይቀራል፤ በመዝገቡ ላይ ዕዳ የለበትም፤ ሆኖም ጎረቤቶቹ ስለ እርሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ግዴታውን ፈጽሞ ሳለ ለምን ይወቀሳል? መቀጫ ዋጋ ስላልሆነ ነው። ዋጋ የከፈለ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ መቀጫ የከፈለ ሰው ግን ጥፋቱ ነው የተመዘገበው።

ይህ ልዩነት ሊጠፋ እንደሚችል አይካድም። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ በእስራኤል አገር በሃይፋ ከተማ ሕፃናት በሚውሉባቸው ቤቶች የሆነውን ጽፈዋል። ልጆቻቸውን ለመውሰድ በሚዘገዩ ወላጆች ላይ አነስተኛ መቀጫ ቢጣል፥ የሚዘገዩት ከመቀነስ ይልቅ በዙ፤ መቀጫው ከተነሣም በኋላ ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። ወላጆቹ ከዚህ በፊት አስተማሪዋን እንዳያስቸግሩ ያፍሩ ነበር፤ አሁን ግን የገዙ መሰላቸው። በሀብታሞቹ የቦሌ ሰፈሮች ወርሐዊውን እየላኩ ፊታቸውን የማያሳዩ አባላት በበዙባቸው ዕድሮች የምንፈራው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ሰው ሁሉ ጥቅሙን ብቻ ይከተላል የሚለው ትምህርት ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ቢያምኑት እውነት ሊያደርገው የሚችል ስሕተት ነው። ጓደኛችን በመድኃኔዓለም በር ቀልድ የተናገረ መስሎት ይሆናል፤ ጓደኛችን የተቆጣችው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዘርዐ ያዕቆብ ሃይማኖቶች ሁሉ የእኔ ልክ ነው ሲሉ ፈራጅ ከየት ይገኛል ብሎ ነበር የጠየቀው። የቦሌ አራብሳ ዕድርተኞች ፈራጅ አላገኙም፤ አልፈለጉምም። እንደ ሐተታው ይህ ስንፍና ነው። እኛ ግን ስንፍና ለማለት እንቸገራለን። የማይስማሙበትን ትተው፥ ሬሳ በማን ትከሻ ይወጣል? በሚለው ተስማምተዋል፤ የሐተታውንም ሕግ፥ ሐተታውን ሳያነቡ፥ በመዝገብ ጽፈውታል። የመርማሪውን ልቡና ብቻ የሚያከብር መጽሐፍ እንዲህ ያለውን የጋራ ጥበብ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት በራሱ ሐተታ ውስጥ ከመምህሩ ይልቅ ለዚህ ይቀርባል፤ ከልቡና ጋር እስካልተጣላ ድረስ ከአገሩ ሰው ልማድ ጋር ተስማምቶ መኖርን ይመክራል። ብዙ አንባቢዎች በዚህ ምክንያት ወልደ ሕይወትን ደብዛዛ ይሉታል። ለዋሻ ደብዛዛ ሊሆን ይችላል፤ ለኮንዶሚኒየም ግን አይደለም።

አሁን ያቆየነውን ጉዳይ እናንሣ። የሐተታው ቅጂዎች ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በአንቷን ዳባዲ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ለዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ኢጣልያዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው፤ መጽሐፉን ማግኘቱን በ1852 እ.ኤ.አ. ጽፎለት፥ በሚቀጥለው ዓመት ቅጂውን ሰደደለት። ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. ከላቲን ትርጕም ጋር አሳተመው። በ1920 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተነሣ፤ በ1934 እ.ኤ.አ. ዩጂን ሚትቮክ ደገፈው። በዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ስማቸው የማይረሳው ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው በሰፊው ተከራከሩ። አናይስ ቪዮን በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ዳ ኡርቢኖ መለሰችው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው የራልፍ ሊ፥ የመሐሪ ወርቁና የዌንዲ ቤልቸር የእንግሊዝኛ ትርጕም ደግሞ እንደገና ለኢትዮጵያዊው ይሟገታል።

በዚህ ሙግት ውስጥ ጥቅም ያልተጠቀሰበት ገጽ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳ ኡርቢኖ የዳባዲን ልብ ለማስደሰት ይጠቅመው ነበር ይባላል። ኮንቲ ሮሲኒ በኤርትራ የኢጣልያ ቅኝ አስተዳደር ሹም ስለ ነበር አፍሪካዊ ፈላስፋ መኖሩን ሊወድ አይችልም ይባላል። እኛ ኢትዮጵያውያንም ክብር ስለሚሰጠን እውነተኛ ነው እንላለን ይባላል። የመጨረሻው ክስ በእኛ ላይ እንደሚሠራ እንመሰክራለን፤ መጽሐፉን መጀመሪያ ስናነብ የእኛ እንዲሆን አጥብቀን ፈልገን ነበር፥ አሁንም እንፈልጋለን። ግን ከእነዚህ ክሶች ስለ ብራናው አንድ ነገር የሚነግረን የትኛው ነው? የኮንቲ ሮሲኒ ሹመት የዳ ኡርቢኖን ደብዳቤዎች አልጻፈም፤ የእኛም ፍላጎት የግዕዙን አገባብ አይለውጥም። ዳ ኡርቢኖ ከመመንኰሱ በፊት ስሙ ያዕቆብ፥ በአገሩ ቋንቋ ጃኮፖ፥ እንደ ነበረ ማስታወስ ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም ይህ በማስረጃነት ሊመረመር ይችላል። ጥቅሙ ምን ነበር? የሚለው ጥያቄ ግን ወዴት እንደምንመለከት ብቻ ያሳየናል። ተመልክተን ያላየነውን አየን አያሰኘንም።

ይህን ካልን በኋላ ከራሳችን አጠገብ ያለ አንድ ጉዳይ ማንሣት ግድ ሆነብን፤ ካላነሣነው ዘርዐ ያዕቆብን የወቀስንበትን ጥፋት ራሳችን መፈጸማችን ነው። ከእኛ ጋር የሚማር አንድ ወዳጃችን፥ ስሙን አንጠራም፥ ከገርጂ የመጣ ነው። አባቱ ከሁለት ዓመት በፊት አረፉ። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበርተኛ ነበሩ፤ ከሠልስቱ በኋላ ማኅበርተኞቹ ልጁን ጠርተው፥ «የአባትህን ጽዋ አንተ አንሣ» አሉት። እርሱ ሐተታውን ካነበበ ወዲህ በምልጃ ማመኑን ትቶአል። ይሁን እንጂ ጽዋውን አነሣ። ተራው ሲደርስ እናቱ ጠላ ይጠምቃሉ፥ ዳቦ ይደፋሉ፤ የንስሐ አባቱ ይመጣሉ፥ ጸሎት ያደርሳሉ፤ እርሱም ቆሞ አሜን ይላል።

በመለኪያችን ብንመዝነው፥ በማኅበሩ ፊት ዝም ማለቱን አንነቅፍም። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ቦታውን እንዳያጐድል ነው እንጂ እምነቱን እንዲገልጽ አይደለም፤ እናቱም በዚያ ቀን ብቸኝነታቸውን ይረሳሉ። የሚከፍለው እርሱ ነው። ባለፈው ዓመት ግን፥ እንግዶቹ ከወጡ በኋላ፥ የ16 ዓመት ታናሽ ወንድሙ ብርጭቆ እያነሣ ሳለ ድንገት፥ «አንተ ግን ታምናለህ?» አለው። ወዳጃችን፥ «አዎን» አለ። ይህን ሲነግረን ፊቱ ጠቆረ።

በዚህ ቦታ የዘርዐ ያዕቆብ ማመካኛ አይሠራም። ልጁ መታለልን አልወደደም፤ ማወቅን ነው የፈለገ። ሊያሳድደውም አይችልም። መጽሐፉ ራሱ ይህን ያውቀዋል፤ ሐተታው የተጻፈው ወልደ ሕይወት ስለ ጠየቀ ነውና። ለአገሩ ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ያለ ሰው፥ በ68 ዓመቱ፥ አንድ ከልቡ የጠየቀ ደቀ መዝሙር ሲመጣ ብዕሩን አነሣ። የጠየቀውን ከማይጠይቀው ለይቶአል ማለት ነው፤ ነገር ግን ይህን ልዩነት እንደ ሕግ አድርጎ አልጻፈልንም።

ወዳጃችንን ለወንድምህ ነገርኸው ወይ? ብለን ጠይቀነው ነበር። አልነገረውም። ለምን? ብንለው፥ ልጁ ገና ነው፥ ለእናቴ ይነግራታል፥ ፈተናውም ቀርቦአል እያለ ሦስት ምክንያት ደረደረ፤ ቀጥሎም ራሱ ሣቀና፥ «ሦስት ሲሆኑ አንዱም እንዳልሆነ ይታወቀኛል» አለ። የማኅበሩ ተራ ዘንድሮ ለኅዳር 12 ደርሶታል።